ያለፈው ምን ላይ ደረሰ?

የክፍሉ በር ላይ የተለጠፈው ስም መጀመሪያ «መምሪያ» ነበር። ቆየት ብሎ «የሥራ ሂደት» ተባለ፤ ከዚያም «ዳይሬክቶሬት» ሆነ። የኃላፊውም መጠሪያ ከክፍሉ ጋር አብሮ ተቀያየረ፤ የመምሪያ ኃላፊ የነበረው የሥራ ሂደት ባለቤት፣ የሥራ ሂደት ባለቤት የነበረው ደግሞ ዳይሬክተር ተባለ። ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመጣው ሰው እንኳ ከ«ባለጉዳይ» ወደ «ተገልጋይ» ተሸጋገረ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን ውስጥ ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ በወጣትነቱ ተቀጥሮ በ2010ዎቹ ጡረታ የወጣ የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኛ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያውን፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጡን፣ ውጤት ተኮር ምዘናውን፣ የለውጥ ሠራዊቱን፣ የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባውን ሁሉ በተራ አሳልፏል። እያንዳንዱ ለውጥ ሲመጣ ሥልጠና ተሰጥቷል፣ ሰነድ ታድሏል፣ ራዕይና ተልዕኮ የተጻፈበት ሰሌዳ በግቢው በር ላይ ቆሟል። እነዚህ ለውጦች በወረቀት ላይ ምን ይሉ እንደነበር በቂ ጽሑፍ አለ። ብዙም ያልተጠየቀው ሌላ ነው፤ ሠራተኛው እያንዳንዱን ለውጥ ምን ብሎ ተረዳው? የተረዳውስ ከምን ተነሥቶ ነው?

የለውጡ መሪዎች ለዚህ ጥያቄ የነበራቸው መልስ አጭር ነበር። በየሪፖርቱና በየስብሰባው አፈጻጸም የሚጓደልባቸው ምክንያቶች በሦስት ይከፈሉ ነበር፦ የአመለካከት፣ የክህሎትና የግብዓት ችግር። ክህሎት በሥልጠና ይሞላል፤ ግብዓት በበጀት ይገዛል፤ ከሁሉ የከበደው ግን አመለካከት ነው ይባል ነበር። በዚህ አከፋፈል መሠረት ለውጡን የተጠራጠረ ሠራተኛ አእምሮው ውስጥ አንዳች ጉድለት ያለበት ሰው ነው። እኔ የምለው ከዚህ የተለየ ነው። የአመለካከት ችግር የተባለው ነገር በአብዛኛው ንባብ ነበር። ሠራተኛው አዲሱን ለውጥ ያነበበው ከዚያ በፊት ያለፉት ለውጦች ባስተማሩት ፊደል ነው፤ ያ ፊደል ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ታሪክ ነው። አሜሪካዊው የድርጅት ጥናት ሊቅ ካርል ዋይክ ሰዎች ለሚገጥማቸው ነገር ትርጉም የሚሰጡት ወደ ኋላ እያዩ፣ ያለፈውን ከአሁኑ ጋር እያጋጠሙ እንደሆነ አስተምሯል። የእኛ ሰው ይህንኑ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ ከጨረሰው ቆይቷል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ያ የትዝታ ፊደል በአራት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል፦ ሹም ሽር፣ ዘመቻ፣ ግምገማ፣ ድልድል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ በዚያ ወር የመንግሥቱን ሥራ ለዘጠኝ ሚኒስትሮች ሲያከፋፍሉ ለአገሪቱ ፍጹም አዲስ የሆነ አደረጃጀት አቆሙ። አዲሱ ሹመት ግን በአሮጌው ማዕረግ ላይ ተደርቦ ነበር የመጣው። የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት በጅሮንድ ሙሉጌታ ናቸው፤ በጅሮንድ ማለት ደግሞ ቀድሞም የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው። የንግድና የውጭ ጉዳይ የተሰጠው የነጋዴውና የቀረጡ አለቃ ለነበሩት ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ፍርዱን አፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ ጽሕፈቱን ፀሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ ጦሩን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ያዙ። በዚህ ምክንያት ሚኒስቴር የሚለውን እንግዳ ቃል ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቅ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነገሩ አልጠፋውም። አለቃው ያው በጅሮንዱ ነበሩና ሚኒስቴርን በበጅሮንድ በኩል ተረዳው። ይህ አካሄድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ አዲሱ ተቋም በአንድ ጀምበር ባዕድ ሳይሆን ሥር ያዘ። ዋጋም አስከፍሏል፤ ሥልጣኑ የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የሰውየው፣ በመጨረሻም ሰውየውን የሾመው ንጉሥ ሆኖ ቀጠለ። ባለጉዳዩም ድሮ በመኳንንቱ ግቢ ደጅ ሲጠና የኖረውን በሚኒስቴሩ ግቢ ደጅ ይጠና ጀመር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወረቀቱ በረታ። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ፤ በ1935 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 1 የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር በዝርዝር ወሰነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ቅጥሩን፣ ዕድገቱንና ዲሲፕሊኑን በአንድ ሥርዓት የሚገዛ ማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ቆመ። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የካቢኔውን አባላት መርጦ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። በሕጉ ዓይን ሲታይ እያንዳንዱ እርምጃ ሥልጣንን ከሰው ወደ ተቋም የሚያሻግር ነበር። ሠራተኛው ግን ዐይኑን የሚጥለው ሌላ ቦታ ላይ ነበር። የጽሕፈት ሚኒስትሩ ፀሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከአሥር ዓመት በላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ እጅግ ኃያሉ ሰው ሆነው ቆይተው በ1947 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ርቀው ወደ አርሲ አገረ ገዥነት ሲዛወሩ፣ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረው ያ ክስተት እንጂ ትእዛዝ ቁጥር 1 አልነበረም። ለውጥ ማለት ሹም ሽር ነው፤ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ፣ የወጣው የማን ወገን ነው? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመት ጊዜያዊ ሲሳይ እንደሆነ አድርጎ የሚያይ የቆየ ንባብ ነው። በዚህ ንባብ ውስጥ አዲስ መዋቅር ሲታወጅ ብልህ ሰው መዋቅሩን አያጠናም፤ የተሾመውን ያጠናል። ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ የሚመጣውን በትክክል የሚተነብየው እሱ ነበርና።

የ1966ቱ አብዮት ሁለተኛውን ቃል አመጣ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ በጥር ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆኑ። በእነዚህ ድርጅቶች ይሠራ የነበረ ሰው አንድ ቀን የባለ አክሲዮኖች ቅጥር ሆኖ ገብቶ በማግሥቱ የሠፊው ሕዝብ አገልጋይ ነህ ተባለ። «ክቡር» በ«ጓድ» ተተካ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተቋቋመ፤ ሂስና ግለ ሂስ የሥራ ሳምንቱ አካል ሆነ። የዘመኑን ለውጥ ሁሉ የጠቀለለው ቃል ግን ዘመቻ ነበር። ተማሪና መምህሩ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኢኮኖሚውን በዕቅድ እንዲመራ የተቋቋመው ከፍተኛ አካል እንኳ ዘመቻ የሚለውን ቃል በስሙ ውስጥ ይዞ ነበር። ማቀድን የሚያህል ዓመት ከዓመት የሚሠራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ በዘመቻ ስም ሲጠራ ሠራተኛው አንድ ነገር ይማራል። ዘመቻ መነሻና ማብቂያ አለው፤ በክተት ይጀምራል፣ በመፈክር ይሞቃል፣ በሪፖርት ይዘጋል። በዘመቻ ወቅት መገኘት እንጂ ማመን አይጠየቅም። ከዚህ ዘመን የወጣው ንባብ «እስኪያልፍ ያለፋል» የሚል ነው፤ ለውጡን መቃወም አያስፈልግም፣ እስኪያልፍ መሸከም ይበቃል።

ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ግምገማ መጣ። ቃሉ ከአማርኛው ቢገኝም ልምዱ የበረሃው ትግል ውጤት ነው፤ ታጋዮች ከእያንዳንዱ ውጊያና ተልዕኮ በኋላ አንዱ የሌላውን ድክመት ፊት ለፊት የሚያነሣበት መድረክ ነበር። በትግሉ ውስጥ በአንድ ዓላማ በተሳሰሩ፣ ሞትን በጋራ በሚጋፈጡ ሰዎች መካከል የሠራው መሣሪያ በደመወዝ ወደሚተዳደርና ቤተሰብ ወደሚያስተዳድር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲዛወር ትርጉሙ ተለወጠ። ሠራተኛው በግምገማ መድረክ ላይ የሚነገረው ነገር ወደ ዕድገት፣ ወደ ዝውውር ወይም ወደ ስንብት ሊያመራ እንደሚችል ተረዳ። ይህም የሆነው ሌሎች ሁለት ነገሮች በተደራረቡበት ሰዓት ነው። በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ክልላዊ መስተዳድሮች ሲቋቋሙ ሥልጣንም ሠራተኛም ከማዕከል ወደ ክልል ይወርድ ጀመር፤ በ1985 ዓ.ም. የተጀመረው የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም ደግሞ የመንግሥትን ወጪ መቆጠብን ዓላማ አድርጎ ተነሣ። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት አንድ ሠራተኛ የሥራ አፈጻጸምህ ይለካል ሲባል ከልኬቱ በስተጀርባ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ማን ሊነሣ እንደታሰበ ማወቅ ነበር። ልኬት ማሻሻያ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ማሰባሰቢያ መሰለው።

የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው የተወለደው በዚህ መሬት ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የተቋቋመ ግብረ ኃይል የመንግሥት ሥራን ችግሮች አጥንቶ ባቀረበው መሠረት በአምስት ንዑስ ፕሮግራሞች የተከፈለ ማሻሻያ ተነደፈ፦ የበላይ አመራር ሥርዓት፣ የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የአገልግሎት አሰጣጥና ሥነ ምግባር። ጥናቱ በቁም ነገር የተሠራ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ የሚሠለጥንበት የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅም በ1987 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር። ሆኖም ማሻሻያው ወደ ሥራ መግባት እንደጀመረ በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ተነሣ፤ የመንግሥት ትኩረትና ገንዘብ ወደዚያ ዞረ። ጦርነቱ ካበቃና ገዥው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ከተፈጠረ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ሲቋቋም ማሻሻያው በአዲስ ግለት ተመለሰ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ የተቋረጠ ሥራ መቀጠል ነው። ከታች ሆኖ ላየው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ በ1988 ተነገረ፣ ዝም ተባለ፣ ፖለቲካው ሲናወጥ እንደገና ተነገረ። ማሻሻያው ከሹም ሽሩ ጋር አብሮ በመምጣቱ በመጀመሪያው ቃል ተነበበ፤ ተነሥቶ በመተኛቱም በሁለተኛው ቃል ተነበበ።

ከዚያ በኋላ ነው ሠራተኛው ዛሬም በፈረንጅኛ ምሕፃሩ ቢፒአር ብሎ የሚጠራው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የመጣው። የሐሳቡ ባለቤት አሜሪካዊው ማይክል ሐመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ ኩባንያዎች አሮጌ አሠራራቸውን በኮምፒዩተር ከማፋጠን ይልቅ ከሥሩ ነቅለው እንዲጥሉት መከረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከጄምስ ቻምፒ ጋር ይህንኑ በመጽሐፍ አስፋፋው። ዋና ምሳሌው የፎርድ መኪና ኩባንያ የሂሳብ ክፍያ ክፍል ነበር። ፎርድ ለዚህ ሥራ ከ500 በላይ ሰው ሲያሠራ የጃፓኑ ማዝዳ በ5 ሰው ይሠራው ነበር፤ ፎርድም ሂደቱን ከባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ሲነድፍ ሦስት አራተኛውን የሰው ኃይል ቀነሰ። በእኛ አገር ይህ ትምህርት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰጠ፤ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በስፋት ተግባራዊ ሆነ። የጥናት ቡድኖች ተቋቁመው «አስ ኢዝ» የሚባለውን ነባር አሠራርና «ቱ ቢ» የሚባለውን አዲስ ንድፍ አዘጋጁ፤ ግቦቹም የተለጠጡ እንዲሆኑ ተፈለገ። የጥናቱ ሎጂክ ጠንካራ ነበር፤ አንድ ባለጉዳይ ለአንድ ጉዳይ ስንት በር እንደሚያንኳኳ፣ ስንት ፊርማ እንደሚሰበስብ፣ ስንቱ ፊርማ ከንቱ እንደሆነ በቁጥር አሳየ። የኢትዮጵያን ቢሮ ቀጠሮ ላየ ሰው ይህ ምርመራ እውነተኛ በሽታ ላይ ያረፈ ነበር።

በሐመር መጽሐፍ ውስጥ ባዶ የነበረው ወረቀት ግን በአዲስ አበባ ባዶ አልነበረም። አዲሱ ንድፍ ሲጸድቅ ሠራተኛው በአዲሱ መዋቅር ውስጥ እንደገና ሊመደብ ግድ ነበር፤ ይህም ድልድል ተባለ። በዚህች ቃል የለውጡ ሌላው ትርጉም ሁሉ ተዋጠ። ሂደት፣ የተገልጋይ እርካታ፣ የተለጠጠ ግብ የሚሉት ቃላት በሥልጠና አዳራሽ ይነገሩ ነበር፤ በሠራተኞች ክበብ ቡና ላይ ይነገር የነበረው ግን ድልድሉ መቼ እንደሚወጣ፣ ማን የት እንደሚወድቅ፣ ደረጃው የሚቀነስበት ማን እንደሆነ ነው። ሠራተኛው እዚህ ላይ ሦስቱን የቆዩ ቃላት በአንድነት ተጠቀመባቸው። ድልድሉን የሚሠራው ኮሚቴ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ በሹም ሽር አነበበ፤ ጥናቱ በተጣደፈ የጊዜ ሰሌዳ እንዲያልቅ ሲታዘዝ በዘመቻ አነበበ፤ በድልድሉ የባሕርይና የሥነ ምግባር መመዘኛ ሲገባ በግምገማ አነበበ። እንዲህ ያነበበ ሰው ለውጡን አልተረዳም ማለት ስሕተት ነው። ሐመር ራሱ የጻፈው ስለ ሰው ኃይል ቅነሳም እንደነበር ስናስታውስ ከሥልጠናው ይልቅ የክበቡ ወሬ ለምንጩ ቀርቦ ነበር ማለት ይቻላል።

ችግሩን ያባባሰው አንዱ ለውጥ ሳይሰክን ሌላው መደረቡ ነው። ቢፒአሩ ገና ሲተገበር የሮበርት ካፕላንና የዴቪድ ኖርተን የውጤት ሚዛን በውጤት ተኮር ሥርዓት ስም ገባ። ከ2003 ዓ.ም. የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጋር የለውጥ ሠራዊትና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተጨመሩ። የጃፓን መንግሥት በትጋት ያገዘው ካይዘን በ30 ኩባንያዎች ተሞክሮ በ2004 ዓ.ም. የራሱን ኢንስቲትዩት አገኘ፤ ከፋብሪካም አልፎ በቢሮ አዳራሾች ይነገር ጀመር። እነዚህን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ቢፒአር ነባሩን ንቀለው ይላል፣ ካይዘን ግን ነባሩን ይዘህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አሻሽለው ይላል። ሁለቱም ጥሩ ምክር ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ አሥርት ዓመት፣ በአንድ ሰው ላይ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው ተብለው ሲጫኑ ግን ሰውየው የሚማረው ሁለቱንም እንዳያምን ነው። ለውጡን የሚመራው መሥሪያ ቤት ራሱ እንኳ በስሙ አልጸናም። በ2003 ዓ.ም. ሲቪል ሰርቪስ ሚኒስቴር፣ በ2008 ዓ.ም. የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር፣ በ2011 ዓ.ም. ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ሆነ። ጸንታችሁ ለውጡን ያዙ የሚለው ደብዳቤ አናቱ ላይ ያለው ማኅተም በየጥቂት ዓመቱ ሲለወጥ የሚተላለፈው መልእክት ከደብዳቤው ይልቅ የማኅተሙ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ሠራተኛውን ታሪክ አንባቢ አድርገህ ማቅረብህ የዋህነት ነው፤ ብዙው ሰው ለውጡን የጠላው ጥቅሙ ስለተነካ ነው ሊባል ይችላል። ፊርማ ሲቀነስ በፊርማ የሚኖር ሰው ይጎዳል፤ ቀጠሮ ሲያጥር ቀጠሮ እያሳጠረ ጉቦ የሚቀበል ሰው ገበያው ይዘጋበታል። ይህ እውነት ነው፤ ከመጀመሪያው ማሻሻያ ውስጥ ሥነ ምግባር አንድ ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጥቅም ራሱ የሚነበብ ነገር ነው። ከፊርማው ምንም የማያገኝ፣ በሥራው የተመሰገነ፣ ቢሮው እንዲሻሻል ከልቡ የሚመኝ ሠራተኛም ድልድልን ፈርቷል። የፈራው ጥቅሙ የተነካ ስለሆነ ሳይሆን የቱ ጥቅሙ እንደሚነካ ማወቅ ስላልቻለ ነው፤ በማያውቀውም ቦታ ላይ ያለፈው ልምድ ገብቶ ሞላበት። ሌባውንም ታማኙንም በአንድ «የአመለካከት ችግር» ከረጢት መክተት ለሌባው መጠለያ ሰጠው፤ ታማኙን ደግሞ ዝም አሰኘው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከውጤት የሚነሣ ነው። ለውጡ የሠራባቸው ቦታዎች አሉ። የንግድ ፈቃድና ምዝገባ ቀናት ይወስድ የነበረው ወደ ሰዓታትና ደቂቃዎች ሲያጥር ነጋዴው በዐይኑ አይቷል። ትዝታ ይህን ያህል ከባድ ከሆነ እነዚህ ቦታዎች ለምን ተሳካላቸው? መልሱ ክርክሬን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠነክር ይመስለኛል። በመስኮት ፊት ለፊት አገልግሎት በሚሰጥበት ሥራ ላይ ሠራተኛው ለውጡን የሚያነብበት ሌላ ገጽ ከፊቱ አለ፤ ሰልፉ። ጠዋት የነበረው ሰልፍ ከሰዓት ሲጠፋ፣ ይቆጣ የነበረው ሰው አመስግኖ ሲሄድ፣ ለውጥ ማለት ድልድል ብቻ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረው ያያል። የትዝታው ቃል በሥልጠና አልተሻረም፤ በየቀኑ በሚታይ ማስረጃ ተሻረ። ውጤቱ ከዓመት በኋላ በሪፖርት ብቻ በሚታይበት፣ በዕቅድ፣ በጥናት ወይም በቁጥጥር ሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ይህን ገጽ አላገኘም። ለእሱ የቀረበው ብቸኛ ማስረጃ የምዘና ቅጹ ነበር፤ ቅጹን ደግሞ በግምገማ ቋንቋ ማንበብ ከተማረ ቆይቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ሰው በትዝታው የሚመራ ከሆነ፣ ትዝታውም የሹም ሽርና የዘመቻ ከሆነ፣ ለውጥ ፈላጊው ያንን ትዝታ ሰብሮ በባዶ ወረቀት ከመጀመር ሌላ ምን ምርጫ አለው? ከአሮጌው ጋር ድልድይ ከሠራ አሮጌው በድልድዩ ላይ ተሻግሮ አይመጣም ወይ? የምኒልክ ሚኒስትሮች ታሪክ ይህን ሥጋት ያረጋግጣል፤ ሚኒስቴሩ በበጅሮንዱ በኩል ሥር ያዘ፣ የበጅሮንዱ ዘመን ደጅ ጥናትም አብሮ ሥር ያዘ። ይህን ዋጋ አልክድም። ባዶ ወረቀት የተባለውም ግን ያንኑ ዋጋ ከማስከፈል አላዳነም፤ ያለፈውን ያልጠራ ለውጥ ያለፈው ጀርባውን ይዞት ይገባል። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው፦ ድልድይ የሠራ ሰው አሮጌው በየት በኩል እንደሚሻገር ያውቃልና ዘብ ማቆም ይችላል፤ የለም ያለውን ነገር ግን ማንም አይጠብቀውም። በቢፒአሩ ጥናት ነባሩ አሠራር በጥንቃቄ ተመርምሯል፤ ስንት ደረጃ፣ ስንት ፊርማ፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ ተቆጥሯል። ያልተመረመረው ሠራተኛው ስለ ለውጥ የያዘው እውቀት ነው። ከንቱ ፊርማ እንኳ ታሪክ ነበረው፤ ብዙው ፊርማ የተጨመረው አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ፈርሞ በተጠየቀ ጊዜ ነው፣ ኃላፊነትን ለመካፈል። ያንን ፍርሃት ሳይነኩ ፊርማውን ማንሣት ፊርማውን በሌላ ስም እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ትርጉም ከላይ ወደ ታች ብቻ እንደማይፈስ ከኛ ውጭም ታይቷል። ዴኒስ ጂዮያና ኩማር ቺቲፔዲ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ላይ በተደረገ ጥናት አዲሱ ፕሬዚዳንት መጀመሪያ ራሱ ነገሩን ለመረዳት ሲጥር፣ ከዚያ ለሌሎች ትርጉም ሲሰጥ፣ ሌሎቹ ደግሞ የተሰጣቸውን በራሳቸው መንገድ ሲረዱና መልሰው ሲያስረዱት አሳይተዋል። ጁሊያ ባሎጉንና ጄሪ ጆንሰን ደግሞ ወደ ግል በተዛወረ የብሪታንያ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ውስጥ የለውጡ መልክ የተወሰነው በዋናነት መካከለኛ ኃላፊዎች እርስ በርሳቸው በሚያወሩት ወሬ እንደሆነ አስተውለዋል። በእኛ መሥሪያ ቤት የዚህ ወሬ ቦታ ክበቡ፣ ኮሪደሩና የሰርቪስ አውቶቡሱ ነው። የለውጥ መሪዎች ይህን ቦታ አሉባልታ ብለው ናቁት፤ እዚያ የሚነገረው ግን የለውጡ ሁለተኛ ጥናት ነበር። የመጀመሪያውን የሠራው ተመርጦ ለወራት ከመደበኛ ሥራው የተነጠለ ቡድን ነው፤ ሁለተኛውን የሠራው መላው ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው በሰነድ ተጠርዞ ቀረ፣ ሁለተኛው ተተገበረ። የሥራ ሂደት ባለቤት የተባለው ሰው በሁለቱ መካከል የቆመ ነበር፤ ጠዋት በስብሰባ የመጀመሪያውን ያስረዳል፣ ከሰዓት ከባልደረቦቹ ጋር በሁለተኛው ይኖራል። ባለቤት ተብሎ የተሾመ ሰው የሚያስፈጽመውን ነገር የመቀየር ሥልጣን ሳይኖረው ሲቀር ስሙ ብቻውን ባለቤት አያደርገውም፤ ሠራተኛውም ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወጣ ትምህርት ካለ ስለ ሥልጠና ብዛት ወይም ስለ ሰነድ ጥራት አይደለም። በእያንዳንዱ የለውጥ ማስጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ በአፍ ያልተነገረ፣ በልብ ግን የተያዘ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ያለፈው ምን ላይ ደረሰ? ቢፒአሩ ሲጀመር በ1988 የተነገረው ማሻሻያ ምን እንደሆነ፣ ውጤት ተኮሩ ሲመጣ ቢፒአሩ የት እንደቀረ፣ የለውጥ ሠራዊቱ ሲቋቋም የውጤት ተኮሩ ምዘና ማንን እንደጠቀመ ሒሳቡ ተዘግቶ አልቀረበም። በአገራችን የገንዘብ ሒሳብ በየበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ከበጅሮንዱ ዘመን ጀምሮ ግምጃ ቤት የሚያስረክብ ሰው ቆጥሮ ያስረክባል። ለውጥ ግን ሳይቆጠር ሲረካከብ ኖሯል። የሚቀጥለው የለውጥ ሰነድ የመጀመሪያ ምዕራፉ ራዕይና ተልዕኮ ባይሆንና ርክክብ ቢሆን፤ ካለፈው የሠራው ይህ ነው፣ ያልሠራው ይህ ነው፣ በእናንተ ላይ ያለ አግባብ የደረሰው ይህ ነው፣ የምናቆየው ይህ ነው ብሎ ቢጀምር፣ ሠራተኛው አራቱን አሮጌ ቃላት ወዲያው አይተውም። ምናልባትም ርክክቡን ራሱን በግምገማ ዐይን ያነበው ይሆናል። ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው በክበብ ሳይሆን በአዳራሹ ውስጥ ተጠይቆ፣ መልስም አግኝቶ ያያል። ይህን መልስ ያየ ሰው ቀጣዩን ለውጥ የሚያነብበት አምስተኛ ቃል ይኖረዋል።